ወተቴና የተጨፈኑ ዓይኖች

በእኛ አገር ሰው ስለ ሰው ገላ መጠየቅ ያፍራል። ያመመው ሰው እንኳ “ትንሽ አሞኝ ሰነበተ” ካለ በቃ፣ የት ላይ ብሎ የሚመረምረው የለም። ነውር ነዋ! ይህ ሁሉ ጨዋነት የሚሠራው ግን አንዲት ሴት እስክትወልድ ድረስ ብቻ ነው። የወለደች ዕለት ጡቷ ከግል ንብረትነት ይወጣና እንደ ሰፈር ቦኖ የሕዝብ ይሆናል። ወተቱ መጣ ወይስ አልመጣም? ወፈር ይላል ወይስ ቀጠነ? የግራው ይሻላል ወይስ የቀኙ? እኔ የምኖረው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ነው። በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ እንኳ ይህን ያህል ጥያቄ አይነሣም። ሰው ጄሪካኑን ደርድሮ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የእኔ ወተት ዘገየ ሲባል ግን ዝም ብሎ የጠበቀ አንድ ሰው አላየሁም።

የሚያሳዝነው ደግሞ እኔ የባዮሎጂ መምህርት መሆኔ ነው። ጡት አጥቢ እንስሳትን ከዓመት ዓመት አስተምሬያለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ ሥዕሉን ስዬ፣ ቀስቱን ከወዲህ ወዲያ አስምሬ፣ ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ለእናቱ አንጎል መልእክት ይደርሳል፣ አንጎሏም ወተት ይመረት ብሎ ያዝዛል እያልኩ እተነትን ነበር። ያልገባው እጁን ያውጣ ስል እጁን የሚያወጣ አልነበረም። ለካስ ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ! ቦንቱ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ አፏን እንደ ጫጩት ከፍታ ስታለቅስ አንጎሌ ምንም ያዘዘ አይመስልም ነበር። ወይም አዝዞ፣ እንደ ትምህርት ቤታችን ሰርኩላር ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ነገሩን ያወሳሰበው ግን አንጎሌ አልነበረም፤ እናቴ ናት። እናቴ በደርግ ጊዜ በሠፈራ ከወሎ መጥታ አንገር ጉቲን የቀረች ሴት ናት። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። ዘመን ሲለዋወጥ፣ መሬቱ ሲቀየር፣ ጎረቤቱ ሲቀየር ያልተቀየረ አንድ ሕግ አላት፤ የምታጠባ ሴት ጡቷን ሰው አያይባትም። ዓይን ያረፈበት ወተት ይደርቃል። ስወልድ ክረምት ስለነበር መንገዱ ጭቃ ሆኖ መምጣት አልቻለችም፤ ስለዚህ በስልክ ታስተዳድረኝ ጀመር። ኔትወርኩ በተገኘ ቁጥር አብሽሪ ልጄዋ ትለኝና፣ ወዲያው ደግሞ ማንም አላየሽም አይደል ብላ ትጠይቀኛለች።

ዓይን ወተት እንደማያደርቅ አውቃለሁ። ኧረ አስተምሬያለሁም! ነገር ግን እውቀቱ የተቀመጠው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። የእናቴ ሕግ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፤ ልጅ ሲታቀፉ መጀመሪያ የሚነቃው ደግሞ ያ ሌላው ቦታ ነው።

ባሌ ገመቹ የወለጋ ልጅ ነው። እናቱ እኔን ሊያርሱ ከቢላ መጡ። ቤተሰቡ ሁሉ ጴንጤቆስጤ ነው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። አማቴን እንደ ልጆቻቸው ሃርሜ ነው የምላቸው፣ እናቴ እንደማለት ነው። በኦሮምኛ ጡትም ሃርማ ነው። እናቱን በጡቷ በሚጠራ ሕዝብ መካከል ወልዶ ወተት ማጣት ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ እንግዲህ አስቡት።

ሃርሜ ቁጥብ ሴት ናቸው። ንግግራቸው አጭር ነው፤ ጸሎታቸው ከንግግራቸው ያጥራል። ማዕድ ሲቀርብ እንዲባርኩ ከተጠየቁ፣ ሌሎቹ ገና ዓይናቸውን ጨፍነው ሳይጨርሱ እሳቸው አሜን ብለው መቁረስ ይጀምራሉ። በመጡ ዕለት እንግዳ ሳለ ቦንቱ ስታለቅስብኝ፣ ሁላችንም ሴቶች ነን፣ አውጥተሽ አጥቢያት እንጂ ምን ያሳፍርሻል አሉኝ። የእናቴን ሕግ ነገርኳቸው። እኛ በዓይን አናምንም፣ ጌታ ይጠብቃል አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ እናትሽ ካለች እንግዲህ ብለው ተዉት። ሁለተኛ አላነሡትም።

አሁን ወደ እንግዶቹ እንምጣ። ወለጋ ውስጥ አራስ መጠየቅ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ባዶ እጅ አይገባም፤ የገባ ደግሞ ቶሎ አይወጣም፤ ቶሎ መውጣት መናቅ ነው። አራስ የምትጠየቀው አልጋዋ ዙሪያ ስለሆነ የሳሎኑ ወንበር ሁሉ መኝታ ቤት ገባ፤ የጎረቤት አግዳሚም ተጨመረ። የሰፈሩ እናቶች በኦሮምኛ ባጋ ናጋን ዴሴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ እያሉ ይገባሉ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ የሥራ ባልደረቦቼ እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ይከተላሉ። አንዷ አጥሚት በፔርሙዝ፣ አንዷ ቅቤ የዋጠ ገንፎ፣ ሌላዋ አብሽ በጥብጣ። እናቴም ጭቃውን ደፍሮ ባለፈ አይሱዙ ለውዝ ላከችልኝ። አንጮቴውንማ ተዉት! ይህ የወለጋ ሥራ ሥር የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ የደረቀ ጡት ያለመልማል የሚባልለት ነው፤ ተቀቅሎ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ በየሳህኑ ይመጣል። ብበላው ብበላው አያልቅም። ሆዴ እንጂ ጡቴ ሲለመልም አላየሁም።

ከእንግዶቹ ሁሉ ቀዳሚዋ አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶቹን ኅብረት ይመራሉ። እሳቸው ሲገቡ ኅብረቱ አብሮ ይገባል። ደግነታቸው ወሰን የለውም። ችግሩም ወሰን የሌለው መሆኑ ነው።

ሁልጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቦንቱ ታለቅሳለች። አዴ ጫልቱ ይቀበሉኝና ያባብሏታል። ስታስቸግራቸው ለሚቀጥለው ሰው ያቀብሏታል፤ ያችም ለቀጣይዋ። ልጄ እንደ ዱላ ቅብብል ክፍሉን ስትዞር ጉባኤው ወደ አጀንዳው ይገባል። ወተት የላትም ማለት ነው ትላለች አንዷ። ቀጭን ስለሆነች ነው ትላለች ሌላዋ። የተማረች ስለሆነች ነው፣ የተማረ ሰው ያስባል፣ ሐሳብ ደግሞ ወተት ያደርቃል ትላለች ሦስተኛዋ። አንዲት የእህቷን ወተት ብዛት ታወራልኛለች፤ ልብስ ይበላሽባት ነበር፣ ሰፈር ሙሉ ታጠባ ነበር ትለኛለች። ይህን ሁሉ የሚሉት አዝነውልኝ ነው። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ፣ ተማሪ ሳልሆን ፈተና እንደወደቀች ተማሪ እሰማለሁ።

ይኸው እንግዲህ ነገሩን አስተውሉልኝ። ልጅቱ ካልጠባች ወተት አይመጣም። እንግዳ ካለ አላጠባም። ወተት የለም ከተባለ እንግዳ ይበዛል። ወተቴ አንሷል ብለው ተጨንቀው የሚመጡት ሰዎች ናቸው ወተቴን የሚያሳንሱት! ይህን ሰሌዳ ላይ በቀስት ባስረዳቸው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን በምን አፌ? አጥሚት ይዞ የመጣን ሰው ውጣልኝ ይባላል?

በነጠላ ተሸፍኜም ሞክሬ ነበር። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነጠላው ሥር ግን እኔ አላያት፣ እሷ አታየኝ። አንገቷ ገና አልጸናም፣ እኔም ገና አልለመድኩም። አፏ ብብቴን ያገኛል፣ የቀሚሴን ቁልፍ ያገኛል፣ ጡቴን ብቻ አያገኝም። ሁለታችንም በላብ ተጠመቅን። ትግሉን ከውጭ ያዩት እንግዶች ደግሞ አዝነው ሊረዱኝ ነጠላውን ገለጥ ማድረግ ጀመሩ። ወዲያው ተውኩት።

ጤና ጣቢያ ሄደን ቦንቱ ስትመዘን ከልደቷ ክብደት ቀንሳ ተገኘች። ነርሷ ረጋ ብላ ነገረችኝ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፤ ባለቀሰች ቁጥር ሳይሆን ገና አፏን ስታላውስ ስጫት፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንመዝናታለን፣ ያን ጊዜም ካልጨመረች ስለ ተጨማሪ ወተት እንነጋገራለን አለችኝ። ጥሩ አድርጋ ነው ያስረዳችኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ የሰማሁት ቀንሳለች የምትለዋን ብቻ ነው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄን እያስራብኳት መሰለኝ። የአገር ገንፎ እየበላሁ፣ የአገር አጥሚት እየጠጣሁ፣ የራሴን ልጅ ማጥገብ ያቃተኝ እኔ ምን ዓይነት ሴት ነኝ አልኩ። ገመቹ ምን እንደሚል ጨንቆት እጄን ይዞ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ለሾፌሩ ቀስ በል ይላል።

በማግስቱ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ገዝቶ መጣ። ለማንኛውም ብዬ ነው አለኝ። በጣሳ ወተት ልጅ ያሳደጉ ስንት ጎበዝ እናቶች አሉ፤ እነሱን ቅንጣት አልንቅም። እኔ ግን ሳልሞክር መሸነፍ አልፈለግሁም። ጣሳው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀመጠና ሱፐርቫይዘር ክፍል ውስጥ ገብቶ ከኋላ እንደተቀመጠ ቁልቁል ያየኝ ጀመር። እስከሚቀጥለው ሚዛን ድረስ እንዳይከፈት ተስማማን።

ገመቹም በር ላይ ሊከላከልልኝ ቃል ገባ። ምስኪን! እሱ ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ሰው መከልከል አልተማረም። ለመጀመሪያዎቹ እንግዶች ተኝታለች አላቸው። ትተኛ፣ ትተኛ፣ ድምፅ ሳናሰማ አጠገቧ እንቀመጣለን ብለው ገቡ። ለሚቀጥሉት ትንሽ አሟታል አላቸው። አሟታል ከተባለማ ብለው ሌላ ሰው ጠርተው ገቡ። በመጨረሻ አዴ ጫልቱ ከነኅብረታቸው ሲመጡ መላ ጠፋበትና፣ ከሃርሜ ጋር ጸሎት ላይ ናት አለ።

ነቀምቴ ውስጥ እንዲህ ይባላል? ከዚህ ሁሉ ሰበብ መርጦ? ጸሎት አለ ማለት እኮ ግቡ ማለት ነው! አዴ ጫልቱ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ታዲያ ብቻቸውን ለምን ይደክማሉ ብለው ኅብረቱን መርተው ገቡ። እኔ ያን ጊዜ ገና ቦንቱን ላጠባ የቀሚሴን ቁልፍ እየፈታሁ ነበር። ደንግጬ ቆለፍኩት። ቦንቱ ጩኸቷን ለቀቀችው።

አዴ ጫልቱ ጩኸቱን ሲሰሙ ጊዜ አላጠፉም። ዛሬ ስለ ወተቱ እንጸልያለን አሉ። ሁሉም ቆመ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ያ ጎፍታ፣ ጌታ ሆይ ብለው በኦሮምኛ ጀመሩ። አንተ ከዓለት ውኃ ያፈለቅህ፣ ከዚህች ልጅ ጡት ወተት አፍልቅ ሲሉ ሌሎቹ ከሥር ከሥር አሜን፣ አዎ ጌታ ይላሉ። አንዳንዷ እንባዋ ይወርዳል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የእኔም እንባ መጣ። በማላውቀው ነገር ውስጥ ብቻዬን ነኝ ስል ከርሜ፣ ለእኔ ጡት ብለው የሚያለቅሱ ሴቶች መካከል ራሴን አገኘሁት።

እኛ ኦርቶዶክሶች ስንጸልይ ዓይን አይጨፈንም፤ ሥዕሉን እያየን ነው። ስለዚህ ዓይኔ እንደተገለጠ ነበር። ዞር ብዬ አየሁ። ክፍሉ ሙሉ ሰው አለ፤ የሚያይ ዓይን ግን አንድም የለም! የእናቴ ሕግ በሙሉ ክብሩ ተከብሯል። ቁልፌን ፈታሁ። ያለ ነጠላ፣ ያለ ላብ፣ ፊቷን እያየሁ አስተካክዬ አስጠጋኋት። አፏን ከፈተች፣ ያዘች። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጉሮሮዋ ጉልጭ ጉልጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ወተት አለኝ! እየዋጠች ነው! ከዚያ ድምፅ የበለጠ ደስ የሚል ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አዴ ጫልቱ ልጅቱ ዝም ስትል መልሱ እንደመጣ ገባቸውና ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ ወደ መዝጊያው አመሩ። በኢየሱስ ስም ሲሉ እጄ ወደ ቁልፌ ሄደ። ገና የቀኙን እንኳ አልጨረሰችም! በዚህ ጊዜ ነው ያልጠበቅሁት ነገር የሆነው። ያ ጎፍታ ብለው ሃርሜ ተቀበሉ። በአጭር ጸሎታቸው የታወቁት ሃርሜ! ለወተቱ ጸለዩ። ለልጅቱ ጸለዩ። ለቢላ ዝናብ፣ ለቢላ ከብት፣ ለመምህራን ሁሉ ጸለዩ። የአንገር ጉቲንን መንገድ ጭቃ፣ በዚያ ያለችውን እናቴንም አልረሱም። ቦንቱን ወደ ግራው አዞርኳት። ሊጨርሱ ነው ስል ደግሞም ጌታ ሆይ ብለው ስለ ባጃጅ ሾፌሮች ያዙ። ልጄ ጠግባ፣ ከአፏ ዳር ወተት እያንጠባጠበች አንቀላፋች። ቁልፌን ቆለፍኩ። ሃርሜም አሜን አሉ።

ዓይኖች ሁሉ ተገለጡ። የወተቷን ጠብታ መጀመሪያ ያዩት አዴ ጫልቱ ነበሩ። ቤቱ በሃሌሉያ ተናወጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን አገኘሁት። ቦንቱ አፏን ማላወስ ስትጀምር፣ እንግዳው ማንም ይሁን ማን፣ እስቲ ጸልዩልኝ እላለሁ። እምቢ የሚል የለም። ከሁሉ በኋላ የሚቀበሉት ሃርሜ ናቸው፤ እሳቸው ከያዙ ደግሞ ቶሎ አይለቁም። ወተቴ ቀን በቀን ጨመረ። ሌሊት ልብሴ እየረጠበ መንቃት ጀመርኩ። የመንፈሳዊነቴ ዝና በጨለለቂ ተሰማ፤ ጸሎት ወዳድ ናት ተባለ። ገመቹም ልቡ ተነካ። የኦርቶዶክስ ባልደረቦቼ ግን ሁኔታዬን ትንሽ ተጠራጠሩት። ወሬው አንገር ጉቲን ደርሶ እናቴ ደነገጠች፤ ሃይማኖትሽን ለወጥሽ እንዴ ልጄዋ ብላ ደወለች። አልለወጥኩም፣ ሲጸልዩ ሁሉም ይጨፍናሉ፣ ያን ጊዜ አጠባለሁ አልኳት።   ዓይን የሚያስጨፍን ከሆነስ ደግ ጸሎት ነው አለችኝ።

የሚዛኑ ቀን ደረሰ። ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ቦንቱን አስተኝታ ሚዛኑ እስኪረጋ ስትጠብቅ፣ እኔ ሳላስበው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ከእንግዶቹ ተጋብቶብኝ ነው። ስገልጥ ነርሷ ፈገግ ብላለች። የቀነሰችውን መልሳ ጨምራለች፣ እንዲሁ ቀጥይ አለችኝ። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህኛው ግን ሌላ ለቅሶ ነው። ገመቹ ቤት እንደገባን ጣሳውን ከቁም ሳጥኑ አውርዶ ከነክዳኑ ጓዳ አስገባው።

አዴ ጫልቱ ሲሰሙ ኅብረቱን ሰብስበው መጡና ምስክርነት ስጪ አሉኝ። ምን ልበል? ዋሽቼ አላውቅም። እናንተ ዓይናችሁን በጨፈናችሁ ቁጥር ልጄ ትጠግብ ነበር አልኳቸው። ከዚህ የበለጠ እውነት የለም። እነሱም ሃሌሉያ አሉ።

ሃርሜ ወደ ቢላ ሊመለሱ ዕቃቸውን ሲሸክፉ አጠገባቸው ተቀምጬ አመሰገንኳቸው። ገላዬን ስላጠቡኝ፣ ስላበሉኝ፣ ልጄን ስላሻሹልኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስለ ጸሎትዎ፣ እንዲያ ያለ ረጅም ጸሎት ከየት አመጡት አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ እኮ ጸሎቴ አጭር ነው፣ ታውቂኝ የለም እንዴ አሉኝ። አንዱን ጡት ጨርሳ ወደ ሌላው ስታዞሪያት እያየሁ እንዴት አድርጌ አሜን ልበል?

ደርቄ ቀረሁ። ለካስ ያን ሁሉ ቀን አንድ ዓይን ጡቴ ላይ ነበር! ወተቴም አልደረቀም። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያልኩ፣ አፍሬም ስለነበር፣ ነገሩን ወደሳቸው አዞርኩት። ታዲያ ሃርሜ፣ በጸሎት መካከል ዓይን መግለጥ ጌታን አያስቀይምም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

የሻንጣቸውን ዚፕ እየዘጉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ እሱስ መቼ ጨፍኖ ያውቃል አሉኝ።